ያቺን ጀልባ ገዛኋት

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሥራው እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ስምህን ሳታነሳ አትውልም። "ያ ልጅ የት ገባ?" ስትለኝ "ሲያትል ነው ያለው" እላታለሁ። "እሱንማ ከሄደ ጀምሮ ስሰማው ነው" ትለኛለች።

ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንቆጣጠር። መጀመሪያ ኔት ጠፋ። ኔቱ ሲመለስ ደግሞ እኛ ሳንመለስ ቀረን። በቃ እንዲህ ነው። ዛሬ ግን ወሬ አለኝ፤ ከወሬው ጋር የማስቸግርህ ጉዳይም አለ።

ፖሊ ሳለን ሐይቁ ዳር ሾላው ሥር ተጋድማ የምናያትን ጀልባ ታስታውሳታለህ? ያቺ ምሰሶዋ ጎኗ ላይ የታሰረ፣ ፍየል የሚወጣባት? ገዛኋት። "አበድክ እንዴ?" እንዳትል፣ ባለቤቴ ቀድማሃለች።

ርዝመቷ 6 ሜትር ቢሆን ነው። አካሏ ፋይበር ነው፤ ዕድሜዋም ከእኔና ካንተ አያንስም። የዚያን ዘመን ሠሪዎች ፋይበሩን ገና በደንብ ስላላመኑት ደራርበው ደራርበው ነው የሚሠሩት። በዚህ ዕድለኛ ነኝ። ከሆዷ ሥር ደግሞ ወደ ውሃው የሚወርድ ሰሌዳ አላት፤ በገመድ ስትስበው ታጥፎ ይገባል። ለጣና ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሐይቁ ስፋት አይሸውድህ፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። በበጋ ዳር ዳሩ ላይ ጉልበትህን የማይደርስበት ቦታ ሞልቷል።

ለምን በሞተር ሳይሆን በሸራ ትለኝ ይሆናል። በቤንዚን ምክንያት ነዋ። የቤንዚን ዋጋውን ስትሰማ ወረፋው ይሻልሃል፤ ወረፋውን ስታይ ዋጋው ይሻልሃል። ሞተሩም ቢሆን እዚህ የተጻፈበትን ያህል አይጎትትም። ከተማችን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ 3 ከመቶ ገደማ ጉልበት ይጥላል። 15 ፈረስ ብለህ የገዛኸው ጣና ሲደርስ 12 ነው። ልጆቹ "ፎርጅድ ነው" እያሉ ነጋዴውን ይረግሙታል። ነጋዴው ምን ያድርግ፣ አየሩ ነው የሳሳው። እውነቱን ለመናገር ሸራም ከዚህ አያመልጥም፤ እዚህ ያለው ንፋስ ባሕር ጠለል ላይ ካለው እኩል ቢፈጥንም ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ግን ወረፋ የለውም።

የንፋሱን ነገር ታውቀዋለህ። ማለዳ ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ካለም ከየብስ ወደ ውሃ ለስለስ ያለች ንፋስ ናት። ከሰዓት በኋላ ይገለበጣል፤ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ማዕበሉም ይነሳል። ወደ ገዳማቱ ሰው የሚያመላልሱት ጀልባዎች በጠዋት የሚወጡት ለዚህ ነው። ለእኔ ግን ምቹ ነው። በማለዳዋ ንፋስ ወደ ዘጌ አቅጣጫ እወጣለሁ፣ ከሰዓት ያኛው ከኋላዬ እየገፋ ወደ ቤቴ ያስገባኛል። ይሄ እንግዲህ በእቅድ ደረጃ ነው። ገና ውሃ አልነካችም።

ሁሉም ሰው የሚለኝ "ቀለም ቀባት" ነው። ጎረቤቴ መኪና ቀቢ ነው፤ "በሁለት ቀን አዲስ አደርግልሃለሁ" ይለኛል። እንደሚያደርጋትም አውቃለሁ። ችግሩ አዲስ የምትመስል የታመመች ጀልባ ትሆናለች። እኔ የያዝኩት አቋም ውሃ የገባባትን ቀዳዳ ሁሉ ሳላገኝ ቀለም የሚባል አላስነካትም ነው። በዚህ ከባለቤቴም፣ ከጎረቤቴም፣ ከእህቴ ልጅም ጋር ተጣልቻለሁ።

የላይኛው ወለሏ ከላይም ከታችም ፋይበር ነው፤ መሃሉ ላይ ግን ቀላል እንጨት አለ። ብዙ የዚያ ዘመን ጀልባ እንዲህ ነው። ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ እያንኳኳሁ ሄድኩ። ደህናው ቦታ "ቋ ቋ" ይላል። ምሰሶው ዙሪያና የገመድ ማሰሪያዎቹ አጠገብ ሲደርስ ድምፁ ይሞታል፤ "ዱፍ" ይላል። አንዱን ቡሎን ፈታሁት። ዳዶው እሺ ብሎ ወጣ፤ ቡሎኑን ስስበው ግን የሦስተኛ ቡና የሚመስል ውሃ ተከትሎት ወረደ። ዝናብ ካቆመ ወራት አልፎታል እኮ! ያ ውሃ እዚያ ውስጥ ሆኖ እንጨቱን ሲበላው ነው የኖረው። ጣቴን ሳስገባው እንጨቱ እንደ እርጥብ ትንባሆ ተፈረፈረ።

እና እንዲህ አደረግሁ። ቀዳዳውን በትራፓኖ ከላይ ብቻ አሰፋሁት። ከዚያ አንድ ምስማር ጫፉን አጥፌ ትራፓኖው ላይ አሰርኩት። ምስማሩ ውስጥ ሲሽከረከር በሁለቱ ፋይበር መሃል ያለውን የበሰበሰ እንጨት ጠርጎ ያወጣል፤ ፋይበሩን አይነካም። ደረቅ እንጨት እስኪመጣ ድረስ ነው። ከዚያ መተው ነው። ፀሐይ ይምታው፣ ንፋስ ይግባበት። ሰው የሚያቅተው ይሄ መተው ነው። ሲደርቅ የታችኛውን ቀዳዳ በፕላስተር ዘግቼ ኢፖክሲ፣ ያ ሁለት ፈሳሽ ተዋህዶ የሚጠነክረውን ሙጫ፣ ሞላሁበት፤ ሲጠነክር ለቡሎኑ ልክ አዲስ ቀዳዳ መሃሉ ላይ በሳሁ። አሁን ነገ ከነገ ወዲያ ቡሎኑ ቢያንጠባጥብ እንኳ ውሃው ኢፖክሲ እንጂ እንጨት አያገኝም። አንድ ቡሎን እንዲህ ነው የሚሠራው። ስንት ቡሎን እንዳላት አትጠይቀኝ።

የእህቴን ልጅ ኢፖክሲ አዋህድ ብዬው አንድ ሙሉ ጣሳ በጠበጠ። ወፈር ብሎ ሲቀመጥ የራሱ ሙቀት ያነደዋል፤ ጣሳው ጨሰና እየሮጠ ወረወረው። አሁን በትንሽ በትንሹ፣ ያውም ሰፊ ሳህን ላይ ነው የሚያዋህደው። ፋይበር የሚሠሩት ልጆች የለመዱት የመኪናውን ሬዚን ነው፤ እሱ ርካሽ ነው፣ ግን አሮጌ ፋይበር ላይ እንደ ኢፖክሲ አይዝም። ኢፖክሲ በነካው ቦታ ላይ ደግሞ እሱን ደርቤ ልሥራ ብትል በደንብ ላይደርቅልህ ይችላል። ስለዚህ አንዱን መርጠህ መጨረስ ነው።

ሆዷን ስገለብጥ ደግሞ ሌላ ጉድ። ፈንጣጣ የወጣባት ትመስላለች፤ ትንንሽ እብጠት ነው ሙሉውን። አንዱን በወስፌ ስወጋው ፈሳሽ ፊጭ አለ፣ ሽታው ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል። መነጽር አድርጌ ስለነበር ተመስገን። ፋይበር ውሃ አይጠጣም የሚለው ወሬ ውሸት ነው። በቀለሙ በኩል በጣም ቀስ ብሎ ይገባል፤ ውስጥ ካልተዋሃደ ኬሚካል ጋር ይገናኝና ያብጣል። የሚገርምህ፣ ጨው የሌለው ሞቃት ውሃ ላይ ነው የሚብሰው። እኛ ደግሞ ጣና ጨው የለውም፣ ጀልባ አይበላም ስንል ነው የኖርነው!

እዚያ ዳር ደንገል የሚያስሩ አንድ የነገደ ወይጦ ሽማግሌ አሉ። ሥራዬን ቆመው ያያሉ፣ አይናገሩም። እብጠቱን ስፍቅ መጥተው በእጃቸው ዳሰሱት። "ይቺም ትጠጣለች?" አሉኝ።

"ትጠጣለች አባባ።"

"ታንኳ ሲጠጣ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናቆመዋለን። ፈረንጁ ይሄን አልነገራችሁም?"

አልነገረንም። እኔም ያደረግሁት እሳቸው ያሉትን ነው። እብጠቶቹን በብርጭቆ ወረቀት ከፍቼ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ፣ ዳስ ሥር አቁሜ አደርቃታለሁ። ላስቲክ ትንሽ ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፌ አሳድራለሁ፤ ጠዋት ከሥሩ ላብ ካለ ገና ናት። ይሄ ሁሉ የበጋ ሥራ ነው፤ ሰኔ ከገባ እርጥበቱ አያሠራም። ለዚህ ነው ቀለም ቀለም የሚሉኝን የማልሰማው። እርጥብ ፋይበር ላይ ቀለም መቀባት ውሃውን ቆልፎ ማስቀመጥ ነው።

ምሰሶዋ አሉሚኒየም ነው፣ ደህና ነው። ምሰሶውን የሚይዙት የእስቴንለስ ሽቦዎች ግን አላማሩኝም። ጥጥ ይዤ ከላይ እስከ ታች ዳበስኳቸው፤ አንዲት ክር ከተበጠሰች ጥጡን ትይዘዋለች። ሁለት ቦታ ያዘ። ዋናው ጣጣ ግን ሽቦው ጫፉ ላይ የሚገባበት የተጨመቀው ብረት ነው፤ የታችኛው ውሃ ስለሚያቁር ቀድሞ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። የጋራዥ ሰዎች የሞተር ቴስታታ ሲመረምሩ የሚያደርጉትን አደረግሁ፤ ነጭ ጋዝ ቀብቼ ቆየሁ፣ በጨርቅ ጠረግሁ፣ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ነሰነስኩበት። ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም አሰመሩ። ስለዚህ ሽቦው በሙሉ ይቀየራል፤ ያንን አንድ ደህና ልተወው የሚል ክርክር ከራሴ ጋር አልገጥምም።

ሸራው እንደ ፈራሁት አልሆነም። ጨርቁ ደህና ነው፣ ክሩን ግን ፀሐይ በልቶታል፤ ስፌቱን በጥፍርህ ስትጭረው ይበጠሳል። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ እንደምታውቀው ነው። የኢሱዙ ሸራ ለሚሰፋ ልጅ ወስጄ አሳየሁት። ወፍራሙን የሚበሳ ትልቅ መኪና አለው። "ይሄማ ከአቡጀዲ አይከብድም" ብሎ ሳቀብኝ። ዚግዛግ ስፋው አልኩት፣ ገባው። ክሩን ግን እሱ ያለው ናይለን ነው፤ ናይለን ፀሐይ አይችልም። አስቁሜዋለሁ።

የኤሌክትሪኩን ነገር አላበዛም። ትንሽ ሶላር፣ አንድ ባትሪ፣ ሁለት ኤልኢዲ መብራት፣ ስልክ መሙያ። ባትሪው የአሲድ ስለሆነ ከግማሽ በታች እንዳላወርደው መቆጣጠሪያ አስገብቼለታለሁ። ጂፒኤስ ግዛ የሚሉኝ አሉ። ከስልኬ የተረፈውን የዘጌ ጫካ ያሳየኛል፤ ይልቅ ለሁላችንም የሚሆን ላይፍ ጃኬት ይቀድማል። እምቦጩም ዋና ችግሩ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው፤ ወደዚያ መሄድ አላሰብኩም።

አሁን ወደ ማስቸገሩ ልምጣ። በዚህ ዓመት ለፋሲካ ትመጣለህ የሚል ወሬ ከእህትህ ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ሻንጣህ ውስጥ ቦታ ተውልኝ። መጀመሪያ ፀሐይ የሚችል የሸራ ፖሊስተር ክር፣ ነጭ፣ አንድ ትልቅ ጥቅልል። ቀጥሎ ውሃ እንዳያስገባ ቡሎን ሥር የሚደረግ የቡታይል፣ የሚለጠፍ ላስቲክ፣ ጥቅል። እዚህ ያለው ሲሊኮን ነው፤ ሲሊኮን አንዴ የነካው ቦታ ላይ ሌላ ነገር አይዝም፣ ቀለምም ኢፖክሲም ይሸሸዋል። ሦስተኛ ለሞተሩ እግር የሚታሰረው መስዋዕት ብረት ነው፤ ሞተሩ እንዳይበላ በምትኩ የሚበላው። ሲሰጡህ ዚንክ እንዳይሆን ተጠንቀቅ። ዚንክ ለጨው ውሃ ነው፤ ሐይቅ ውስጥ ላዩ ቅርፊት ያበጅና ሥራውን ያቆማል። ማግኒዥየም በል። ሌክ ዋሽንግተን ላይ ጀልባ ያለው ሰው ጠይቅ፣ ወዲያው ይገባዋል።

ሽቦውን ግን እንዳትገዛ። ከባድ ነው፣ ልኩም እዚህ ምሰሶው ቆሞ ነው የሚወሰደው። እሱን ከዱባይ የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ነው። ጫፉን በማሽን የማይጨመቅ፣ በመፍቻ የሚታሰር ዓይነት እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ፤ ያ ከሆነ እኔና አንተ ራሳችን እናስረዋለን። የዋጋውን ነገር ስትመጣ እንነጋገራለን፤ አንተም "ተወው" እንዳትለኝ፣ እኔም አልከራከርህም።

እናቴ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች ነው፤ ስትመለስ ሻንጣህ ባዶ አይሄድም። የምትመጣበትን ቀን ከትኬቱ በፊት ንገረኝ፤ ምሰሶውን ለማቆም ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፣ የእህቴን ልጅ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ላስቀረው ነው።

ወንድምህ፣
ከባሕር ዳር