የዘይት ፊልትሮ በእጅ ይጥበቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሙያዬ መካኒክ ባልሆንም የቶዮታ ኮሮላ መኪናዬን የሞተር ዘይት በግቢዬ ውስጥ በገዛ እጄ መቀየር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በሰፈራችንም እንደ እኔ ዘይት በቤታቸው የሚቀይሩ ጎረቤቶች እየበዙ ስለመጡ፣ ብዙዎቻችን አንድ ዓይነት ስህተት ስንሠራ በማየቴ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። ስህተቱ የዘይት ፊልትሮን፣ ማለትም የሞተሩን ዘይት የሚያጣራውን የቆርቆሮ ዕቃ፣ በመፍቻ ማጥበቅ ነው። ፊልትሮ እምቢ ካለ በመፍቻ ሊፈታ ይችላል፤ መጥበቅ ያለበት ግን በእጅ ብቻ ነው።

መኪናዋን እንደገዛሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘይት ያስቀየርኩት ዘይት እየሸጠ እዚያው በሚቀይር አንድ ቤት ነበር። ልጁ አዲሱን ፊልትሮ በእጁ ካስገባ በኋላ ሰንሰለት ያለውን መፍቻ አጥልቆ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ጠብ አይልም» እያለ በሙሉ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ሲስበው ቆሜ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ጥንቃቄ መስሎኝም አመስግኜዋለሁ። ቀጣዩን ቅያሪ እኔው በቤቴ ልሠራ ስነሣ ግን ፊልትሮው ንቅንቅ አልል አለ። በእጄ ሞከርኩ፤ በደረቅ ጨርቅ ይዤ ሞከርኩ፤ የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልዬበትም ሞከርኩ። በመጨረሻ ሰው እንደሚያደርገው ካቻቢቴ በመዶሻ መትቼ ከጎን ወደ ጎን አሳለፍኩበትና በዚያ ለማዞር ስሞክር፣ ስሱ ቆርቆሮ እንደ ድልህ ጣሳ ተተርትሮ እጄ ላይ ቀረ፤ ወፍራሙ የአፉ ብረት ግን ከነጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ እንደተጣበቀ ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት መካኒክ ከጎረቤት መጥተው፣ የብረቱን ጠርዝ በመሮ ጫፍ ወደሚፈታበት አቅጣጫ ቀስ እያሉ በመምታት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ከታገሉ በኋላ አወጡልኝ። ሲወጣ የጎማው ቀለበት ተጨፍልቆ እንደ ደረቅ ጠፍር ጠንክሮ ነበር። አዛውንቱ ይህንኑ እያሳዩኝ፣ «ዘይቱን የሚይዘው ይህ ጎማ ነው እንጂ ጉልበትህ አይደለም» አሉኝ።

ነገሩ እውነትም እንዲሁ ነው። የፊልትሮን አፍ ገልብጦ ያየ ሰው መሐል ላይ እንደ ብሎን ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው አንድ ትልቅ ቀዳዳ፣ በዙሪያው ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ከሁሉም ውጭ አንድ የጎማ ቀለበት ያገኛል። ዘይቱ ከፓምፑ ተገፍቶ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ይገባል፣ በውስጡ ያለውን የታጠፈ ወረቀት አልፎ ይጣራል፣ በመሐለኛው ቀዳዳም ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በከፍተኛ ግፊት በመሆኑና ያንን ግፊት ከውጭው ዓለም የሚለየው ያ ቀጭን ጎማ ብቻ በመሆኑ፣ ጎማው በመጠኑ ተጨምቆ፣ ሳይጣመምና ሳይቀደድ፣ ንጹሕ በሆነ ገጽ ላይ መቀመጥ አለበት። ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጎማው ከመቀመጫው ሊወጣ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ባይሰነጠቅ እንኳ የሞተሩ ሙቀት ብረቱ ላይ ስለሚያጣብቀው በሚቀጥለው ጊዜ የሚፈታው ሰው እንደ እኔ ይቸገራል። ነገሩን በቁጥር ማየት ለሚፈልግ፣ እንደ እኔው ላለ የኮሮላ ሞተር ፊልትሮ የሚበቃው ማጥበቂያ ወደ 18 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ወደ 37፣ የመኪናው እግር ጎማ ብሎን ደግሞ 103 ገደማ ነው። ስለዚህ ፊልትሮን የመኪና እግር ጎማ በሚያጠብቅበት ጉልበት የሚያጠብቅ ሰው ከሚገባው በላይ አምስት እጥፍ አልፎ ሄዷል ማለት ነው።

በቤት ለሚሠራ ሰው አስቀድሜ ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ልበል። መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሥሩ መግባት በሕይወት መቀለድ ነው፤ ከክሪኩ ሌላ የብረት ማቆሚያ ያስፈልጋል። በየግቢው እንደማየው ብሎኬት መደገፍም አይገባም፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ምልክት ሳይሰጥ በአንዴ ይፈረካከሳልና።

ፊልትሮው ሲፈታ ሞተሩ ለብ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የጠፋ ሞተር ዘይቱም ቶሎ ይወርዳል፣ ጎማውም ይላላል፤ በጣም የጋለ ከሆነ ግን ዘይቱም አጠገቡ ያለው የጭስ መውጫ ቱቦም እጅ ያቃጥላሉ። ከሥር ሆኖ የፊልትሮውን ቂጥ ፊት ለፊት እያየ የሚሠራ ሰው የሚፈታው ወደ ግራ በማዞር ነው። ከላይ በኮፈኑ በኩል እጁን አስገብቶ የሚሠራ ግን አቅጣጫው ስለሚገለበጥበት፣ እየፈታሁ ነው ብሎ ሲያጠብቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መፍቻ የሚያስፈልግ ከሆነም ወገቡን ሳይሆን ወደ አፉ ቀረብ ብሎ ያለውን ጠንካራውን ክፍል መያዝ ይሻላል፤ ወገቡ ስስ ስለሆነ ይጨራመታል። ካቻቢቴ መምታት ግን ሌላ ምንም መንገድ ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ ነው።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ መናገር የምፈልገው አሮጌው ፊልትሮ ከወጣ በኋላ ስላለችው አንዲት ደቂቃ ነው። ፊልትሮው ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ አብሮት መውጣቱን አፉን ገልብጦ በዓይን ማየት፣ ሞተሩ ላይ ያለውንም መቀመጫ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ በጣት ዞሮ መዳሰስ ያስፈልጋል። አሮጌው ጎማ ጥቁር ነው፣ በጥቁር ዘይት የተሸፈነ ነው፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ በዓይን አይለይም። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴ ይህን ሳያይ አዲሱን ፊልትሮ በአሮጌው ጎማ ላይ ደርቦ አሰረው። ሞተሩ ግቢ ውስጥ ሲነሣ ምንም አልታየም። ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ ቤንዚን ሲሰጠው ግን የተደራረቡት ሁለት ጎማዎች ግፊቱን መቋቋም አቅቷቸው ተንሸራተቱ፤ ዘይቱም አስፋልቱ ላይ ረጅም ጥቁር መስመር እየሠራ ፈሰሰ። ቀዩ የዘይት መብራት ሲበራ ወዲያው ሞተሩን በማጥፋቱ ተረፈ እንጂ፣ እስከ ቤት ልድረስ ቢል ኖሮ ሞተሩ ነክሶ፣ ማለትም ዘይት አጥቶ መዞር አቅቶት፣ በቀረ ነበር። አንድ ሞተር ማሠራት ለእንደኛ ዓይነቱ ደመወዝተኛ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢዎቻችሁ መንገር አያስፈልገኝም።

አዲሱን ፊልትሮ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራም ይገዛ ከሌላ ቦታ፣ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየት ይገባል፤ ጥርሱ ገጥሞ የጎማው ስፋት ግን የማይገጥም ፊልትሮ አለና። ከዚያ ጣትን አዲስ ዘይት ውስጥ ነክሮ የጎማውን ዙሪያ ማራስ ነው። ደረቅ ጎማ ብረት ላይ ሲዞር ይይዛል፣ ይታጠፋል፤ የራሰ ጎማ ግን እየተንሸራተተ ቦታውን ይይዛል፣ ሲፈታም አያስቸግርም። ፊልትሮው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በሁለት ጣት ብቻ ሊገባ ይገባል፤ ከተቸገረ ጥርሱ ተዛንፏልና መልሶ ማውጣት እንጂ ማስገደድ አይገባም። ጎማው መቀመጫውን ነክቶ መያዝ ሲጀምር እጅ ራሱ ያውቀዋል፤ ከዚያች ነጥብ ጀምሮ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃል። ብዙዎቹ ፊልትሮዎች ይህንኑ በካርቶናቸው ወይም በገላቸው ላይ በሥዕል ያሳያሉ። እኔ መነሻውን እንዳልስት ፊልትሮው ቂጥ ላይ በነጭ እስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። እጅ በዘይት ርሶ ከተንሸራተተ በጨርቅ መያዝ ይቻላል።

ዘይቱ ከተሞላ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ ቤንዚን ሳይሰጡ ማቆየት፣ ፊልትሮው እስኪሞላ ለጥቂት ሴኮንድ የሚበራው የዘይት መብራት መጥፋቱን ማየት፣ ከዚያም በእጅ ባትሪ እያበሩ ከሥር አጎንብሶ የፊልትሮውንና የማፍሰሻውን ዙሪያ መመልከት ያስፈልጋል። ሞተሩ ጠፍቶ አምስት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ዘይቱ በመለኪያው ይታያል፤ አዲሱ ፊልትሮ የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ ጥቂት መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። የተቃጠለው ዘይት ቆዳን ስለሚጎዳ ጓንት ቢደረግ፣ ዘይቱም ቦይ ውስጥ ሳይደፋ በጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡት ቢሰጥ እላለሁ።

በመጨረሻም ለጋራዥ ባለቤቶችና ዘይት ለሚቀይሩ ቤቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። ለሠራተኞቻችሁ ሰንሰለታማውን መፍቻ ለመፍታት ብቻ እንዲጠቀሙበት ንገሩልን፤ አሮጌውን ፊልትሮም ከመጣላችሁ በፊት አፉን ገልብጣችሁ፣ ጎማው አብሮት መውጣቱን ለባለ መኪናው አሳዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ