ካልሲዎን ያውልቁ፣ አባባ

አባባ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ትንሿ የልጅ ልጅዎ የፊት ጥርሷ ወልቆ «ሰ» ማለት አቅቷታል፤ ስሟን ሲጠይቋት ታፍራለች። ትልቁ በቁመት በልጦኛል። ስለ እነሱ ብቻ ጽፌ ባበቃ ደስ ባለኝ።

ባለፈው መጥቼ ልብስዎን ሳጥብ፣ የአንዱ ካልሲ አንገት ላይ ደም ደርቆበት አገኘሁ። «ጫማው ልጦኝ ነው» አሉኝ። ጫማ እስከዚያ ይደርሳል? ማታ እንቅልፍ ሲወስድዎ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ አየሁት። ያ ከውስጥ እግርዎ ተቆርጦ የወጣው ጥቁር ነገር፣ ከቁርጭምጭሚትዎ እስከ ጉልበትዎ ሥር የሸሚዝ ቁልፍ በሚያካክሉ እብጠቶች ተሰልፎ ወጥቷል። አሥራ አንድ ቆጠርኩ።

«እግሬን ሊቆርጡት ነው» ብለው ቀጠሮውን መተውዎን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ሐኪሙን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ሜላኖማው፣ ያ የቆዳ ካንሰር፣ ከደም ሥር ሌላ የሰውነት ፈሳሽ በሚሄድበት በሊምፍ መስመር እየተከተለ ሽቅብ ወጥቷል፤ አንድ በአንድ መቁረጥ አያዋጣም፣ በወሩ ሌላ ይበቅላል። ሳንባና ጉበትዎ ግን በምርመራው ንጹሕ ነው። የታሰበው እግሩን ለማትረፍ ነው፣ አባባ።

በማደንዘዣ ይተኛሉ። በብሽሽት በኩል ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ደም ሥሮችዎ ይገባሉ፤ ጭንዎ ላይ ጠበቅ ያለ ማሰሪያ ይደረጋል። ለግማሽ ሰዓት ያህል የእግርዎ ደም ከሌላው ሰውነት ተለይቶ ለብቻው ይዞራል። ሜልፋላን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት እዚያው ይሰጣል፤ በመላ ሰውነት ቢለቀቅ በማይቻል መጠን። እግሩም ሞቅ ተደርጎ ይያዛል። ከዚያ መድኃኒቱ ታጥቦ ይወጣና ማሰሪያው ይፈታል። ድሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ይህ የሚሠራው ደም ሥሩ በቀዶ ጥገና ተከፍቶ፣ ለልብ ቀዶ ጥገና በሚውለው ዓይነት ማሽን ነበር። ቀለል ያለውን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያመጡት በአውስትራሊያ የሲድኒ ሐኪሞች ናቸው፤ ለእርስዎ ዕድሜ የታሰበውም ለዚህ ነው።

አልዋሽዎትም፤ እግሩ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ውሃ ሊቋጥርም ይችላል። ጡንቻው እንዳይጎዳ ደምዎ በየቀኑ ይመረመራል። የሚያስፈራኝ ግን የእርስዎ «ደኅና ነኝ» ነው። እብጠቱ በርትቶ ሕመሙን ከደበቁ፣ የፈሩት መቆረጥ ያኔ ሊመጣ ይችላል። ለውጡም ሳምንታት ይፈልጋል እንጂ በማግስቱ አይታይም። ደግሞ የሚያክመው እግሩን ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ የተደበቀ ካለ አይደርስበትም። ስለዚያኛው... ስመጣ እናወራለን።

እማዬ ስትታመም «ፈተናዋን ትጨርስ» ብለው ደበቁኝ። ፈተናውን አለፍኩ። ስመጣ አልጋዋ ተነጥፎ ጠበቀኝ። ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት፣ ውለታዎን አልረሳም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ በጠራ ቁጥር የምደነግጠው ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን ደግሞ ካልሲ።

ደም የሚያቀጥነውን ክኒን ስምና መጠን ከካርቶኑ ላይ ገልብጠው ያስቀምጡልኝ፤ ሐኪሙ አጥብቀው ጠይቀውኛል። ራስዎ እንዳያቋርጡት። አዲሱ ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ እሑድ ማታ እደርሳለሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ ባዶ እግርዎን ይሁኑ።

ልጅዎ