ለታዳጊዎች ልብ ወለድ የሚጠቁም ዓምድ ይኑር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጋዜጣችሁ አዳዲስ መጻሕፍትን በየጊዜው ማስተዋወቁ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የሚተዋወቁት ከሞላ ጎደል ለአዋቂዎች የተጻፉ በመሆናቸው ከ11 እስከ 15 ዓመት ያሉ ታዳጊዎች ምን ያንብቡ የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም። የምሠራው በአንድ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ ጥያቄው በየዕለቱ ይቀርብልኛል። ለታናናሾቹ ባለ ሥዕል የተረት መጻሕፍት አሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያለው መደርደሪያ ግን የአጋዥ መጻሕፍት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የአዋቂ ልብ ወለድ ይመጣል። የ6ኛ ክፍል ተማሪ ተረቱን «የሕፃን ነው» ብላ ትመልሰዋለች፤ ከ500 ገጽ በላይ ያለውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስትወስድ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ሳትወጣ ይሰለቻታል።

እንዲህ ስል ትልልቆቹ ሥራዎች ለታዳጊ አይሆኑም ማለቴ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ ይህንኑ ልብ ወለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ያዳመጡ ልጆች ጥቂት አልነበሩም። እኔም በልብ ወለዱ ውስጥ ሰዎች እብድ የሚሉት ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣ የሚከራከርበትን ክፍል ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ድምፄን ከፍ አድርጌ ባነበብኩላቸው ጊዜ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «እውነት እብድ ነው ወይስ ሰዎቹ ናቸው እብድ የሚሉት?» ብሎ ጠየቀ፤ ክርክሩም ደወሉ ከተደወለ በኋላ ቀጠለ። መጽሐፉ ያው ነው፤ የተለወጠው ልጆቹ ወደ እሱ የገቡበት መንገድ ብቻ ነው።

ወላጆች ሲመጡ «ምክር ያለው» መጽሐፍ ይጠይቁኛል (የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብማ ልብ ወለድ ራሱ ጊዜ ማባከን ይባላል)። ልጆቹ የሚጠይቁት ግን ያስቃል ወይ፣ መጨረሻው ያሳዝናል ወይ ብለው ነው፤ በእኔ እምነት ለጥቆማ የሚረዳው የእነሱ ጥያቄ ነው። በጀርባ ሽፋን ላይ የሚታተመው «ለሁሉም ዕድሜ ተስማሚ» የሚል ማስታወቂያ ለማንም አይጠቅምም።

ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን አንድ ልብ ወለድ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ፣ የገጹን ብዛት፣ ዋጋውንና የሚገኝበትን ቦታ፣ እንዲሁም ወላጅ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ የጭካኔ ወይም የኀዘን ትዕይንት ካለበት ያንን ጭምር የሚገልጽ አጭር ዓምድ እንዲከፈት እጠይቃለሁ። ከአዋቂው ጥቆማ ጎን መጽሐፉን ያነበቡ ታዳጊዎች አስተያየት ቢወጣ፣ በተለይም ያልወደዱት ልጆች ምክንያታቸውን ቢጽፉ፣ ዓምዱ የበለጠ ይታመናል። የመጀመሪያዎቹን አስተያየቶች ከተማሪዎቻችን ሰብስቤ፣ የወላጆችን ፈቃድ አስጨርሼ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ