የአሮጌ ላፕቶፕ ዕድሜ በግራፊክስ ድራይቨሩ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስላበቃ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ መጫን እንደሚቻል በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ መክራችኋል። ጥሩ ምክር ነው። እኔ አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ከሊኑክስ ሌላ፣ እንደ እሱ ነፃ የሆነውን ፍሪቢኤስዲ የተባለ ስርዓተ ክወናም እጭናለሁ፣ የሚጠይቁኝ በብዛት የኔትወርክ ተማሪዎች ናቸው። ጽሑፋችሁ ያልነካው አንድ ጉዳይ አለ፤ የግራፊክስ ድራይቨር፣ ማለትም ስርዓተ ክወናው ከግራፊክስ ቺፑ ጋር እንዲግባባ የሚያደርገው ፕሮግራም።

ቲንክፓድ ቲ430 ላይ ፍሪቢኤስዲ ገና ሲጫን ስክሪኑ እንደነገሩ ይሠራል። ቪዲዮ ይንቀረፈፋል፣ የብርሃን መቀነሻው አይታዘዝም፣ ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል። የኢንቴሉን ድራይቨር ጭኜ፣ ሲነሳ በሚያነበው ፋይል ላይ አይ915ኬኤምኤስ የሚለውን የድራይቨሩን ስም ሳስገባ ግን፣ በሚቀጥለው መነሻ ስክሪኑ ለአፍታ ጠፍቶ ይመለሳል፤ ፊደሎቹም አንሰው ጥርት ይላሉ። ያኔ ላፕቶፑ ለባለቤቱ እንደሚሆን አውቃለሁ።

ይህ ድራይቨር ግን ለፍሪቢኤስዲ ተብሎ አልተጻፈም። ኢንቴልና ኤኤምዲ ክፍት ድራይቨራቸውን የሚጽፉት ለሊኑክስ ነው። አብዛኛው ኮድ ማንም ወስዶ እንዲለውጠው በሚያስችለው በኤምአይቲ ፈቃድ ስለወጣ ሌሎች ስርዓተ ክወናዎችም መውሰድ ይችላሉ፤ ከወሰዱት በኋላ ነው ድካሙ የሚጀምረው። ሊኑክስ በየሁለት ወሩ ገደማ አዲስ ከርነል (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) ያወጣል፣ የውስጥ አሠራሩም አብሮ ይለዋወጣል። ፍሪቢኤስዲዎች ሊኑክስኬፒአይ በሚባል የማገናኛ ኮድ አማካይነት ድራይቨሩን ሊኑክስ ላይ እንዳለ አድርገው ያሠሩታል፤ ሊኑክስ በተለወጠ ቁጥር ማገናኛውም መታረም አለበት። የፍሪቢኤስዲ ዘመድ የሆነው ኔትቢኤስዲ 10 እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ የያዘው የግራፊክስ ኮድ የሊኑክስ 5.6 ነበር፤ ያ ከርነል የወጣው በ2020 ነው። አራት ዓመት ወደ ኋላ መቅረት ስንፍና አይደለም፣ የሰው እጥረት ነው።

በራሱ በፍሪቢኤስዲ ውስጥ እንኳ ትንሽ የስሪት ለውጥ ይበቃል፤ ለቀድሞው ስሪት የተገነባው ድራይቨር አዲሱ ላይ እምቢ ይላል፣ ተጠቃሚው ራሱ ከምንጭ ኮድ መገንባት ይኖርበታል። ከፍሪቢኤስዲ 14.2 ጀምሮ ለከርነል ሞጁሎች፣ ማለትም እንደ ድራይቨር ላሉ የከርነል ተጨማሪ ክፍሎች፣ ተገንብተው የሚወርዱበት የተለየ ማከማቻ በመዘጋጀቱ ይህ ቀለል ብሏል።

አንድ ሰው ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ላሳያችሁ። ሥዕሉን የሚሠራው ሌላኛው የግራፊክስ ሶፍትዌር ክፍል ሜሳ ይባላል፤ ሊኑክስም ሆነ ሌሎቹ ይጠቀሙበታል። ሜሳ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ስሪቱ የድሮ ድራይቨሮቹን ሲያስወጣ ቲ430ን የመሳሰሉ ላፕቶፖች ያልተጣሉት፣ የሊኑክስ ግራፊክስ ገንቢው ዴቭ ኤርሊ ቀደም ብሎ ለእነዚያ የኢንቴል ቺፖች ክሮከስ የተባለ አዲስ ድራይቨር በመጻፉ ነው። አዳማ ላለ ተማሪ ብሎ አልጻፈውም፤ ተማሪው ግን እስከ ዛሬ የሚማረው በዚያ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ውለታው ይከብደኛል።

እኛስ ምን እናድርግ? ድራይቨር ጻፉ አልልም። ገንቢዎቹ የሚሞክሩት እጃቸው ላይ ባለው ማሽን ነው፣ እሱም ብዙውን ጊዜ አዲስ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ አገር ከአገልግሎት የወጣ ሞዴል ሁሉ ገና ሥራ ላይ ነው። አዲስ ስሪት ከመውጣቱ በፊት በእነዚህ ላይ ሞክሮ የላፕቶፑን ሞዴል፣ የቺፑን ዓይነት፣ መጨረሻ የሠራበትን ስሪትና የከርነሉን መልእክት በሥርዓት ጽፎ መላክ ትልቅ እገዛ ነው። «አይሠራም» ብሎ ብቻ መላክ ለማንም አይጠቅምም።

የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ይህን የመመረቂያ ሥራ አድርገው ቢቀበሉት እጅግ ደስ ይለኛል። ተማሪዎቹ በየዓመቱ ከሚደጋግሙት የሆቴልና የቤተ መጻሕፍት ሲስተም ይልቅ እውነተኛ ከርነል ይነካሉ። አዳማና አካባቢዋ ያሉ ተማሪዎች ከመጡ፣ ሱቄ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ላፕቶፖች ያለ ክፍያ አስሞክራቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከአዳማ