አትፈርም

ለምወድህ ልጄ፣

እንኳን ለልደትህ አደረሰህ ልልህ ብዕር ባነሣሁበት ማታ እኅትህ ደውላ ለጓደኛህ የጭነት መኪና ብድር ዋስ ልትሆን እንደሆነ ነገረችኝ። ልደቱ ይቆየን። አትፈርም።

በሰው እጅ የላክህልኝ ሃምሳ ዶላር ደርሶኛል። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ አየሁት፤ እኔ ጡረታ ወጣሁ እንጂ እጄ አልወጣም። ብርሃን ሲያልፍበት፣ ገንዘቡ ላይ ከታተመው ከጺማሙ ግራንት ጎን ሌላ ትንሽ ግራንት ብቅ ይላል፤ ወረቀቱ ውስጥ ያለው ክር ደግሞ በመመርመሪያው መብራት ሥር ቢጫ ያበራል። የውጭ ምንዛሪ መስኮት ላይ ስቀመጥ ይህን ጺማም ሰውዬ ስንት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ! ማን እንደሆነ ያነበብኩት ግን ቤት ከዋልኩ ወዲህ ነው።

ኡሊሰስ ግራንት የጦር አዝማች ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1865፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የደቡቡ ጦር መሪ ጄኔራል ሊ እጁን የሰጠው ለእሱ ነው፤ ያውም አንተ በምትኖርበት በቨርጂኒያ፣ አፖማቶክስ በምትባል ቦታ። ድል ካደረገ በኋላ ለተራቡት የጠላት ወታደሮች ስንቅ ሰጠ፤ ፈረስና በቅሎ ያላቸውም ለእርሻቸው ይዘው እንዲሄዱ ፈቀደ። እዚህ ላይ ወደድኩት። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባለፉበት ዓመት ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ስምንት ዓመት ገዛ።

ይህ ሰው በገንዘብ ነገር ሕፃን ነበር። ልጁ ፈርዲናንድ ዋርድ ከሚባል አንደበተ ርቱዕ ወጣት ጋር ኒው ዮርክ ውስጥ ሽርክና ገባ፤ አባትም ስሙንና ጥሪቱን ሰጠ፤ የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ ይፈርም ነበር። በ1884 ዋርድ ችግር ገጠመን ብሎ ላከው፤ ግራንት ቫንደርቢልት ከሚባል ባለጠጋ በግሉ 150,000 ዶላር ተበደረ፤ በቀናት ውስጥ ሁሉም ቀለጠ። ለዕዳው የጦር ሰይፎቹን ሳይቀር አስረከበ። በጉሮሮ ካንሰር እየተሠቃየ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ጨረሰና ወዲያው ሞተ፤ ቤተሰቡን ከድህነት ያወጣው ያ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ ይህን ሰው ነው ገንዘብ ላይ ያተሙት።

ከሁሉ የያዘኝ ግን ሰዓቱ ነው። ከጦርነቱ በፊት ሴንት ሉዊስ ውስጥ ማገዶ እየሸጠ ሲኖር፣ በ1857 የገና ሰሞን የወርቅ ሰዓቱን በ22 ዶላር አስያዘ። ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻልኩም፤ መነጽሬን አወለቅሁ።

የአባትህ ሰዓት ጠፋ የተባለ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አልጠፋም። አጎትህ እቁብ ሲደርሰው ዋሱ እኔ ነበርኩ። የሰው ወረቀት ስመረምር የምውል ሴት፣ የወንድሜን ሳላነብ ፈረምኩ፤ ማንበቡ ነውር መሰለኝ። አምስት ወር ከፍሎ አገር ለቀቀ። የእቁቡ ዳኛ ደጃችን መመላለስ ሲጀምር፣ አባትህ ሳይሰማ ልጨርሰው ብዬ ሰዓቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ፒያሳ ሸጥኩት። ማታ ቁም ሳጥኑን ስቦ በደረቱ ተኝቶ ሲፈልግ፣ ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። «እስቲ ወደ ግራ አብሪልኝ» ሲለኝ ወደ ግራ አበራሁ። እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።

አትፈርም። ጓደኛህ ከተቀየመ ይቀየም። ካለህ ላይ ቆጥረህ ስጠው፤ ባይመልስ የሚጎዳህ በሰጠኸው ልክ ነው። እዚያ አገር ፊርማው በጣት፣ ስልክ ላይ ነው አሉ፤ እሱ ደግሞ ይብሳል፤ ብዕር እስኪፈለግ እንኳ ማሰቢያ ጊዜ የለውም። አትፈርም አልኩህ! ሆዴ፣ ደግነትህን ጠልቼ አይደለም፤ ከማን እንደወረስከው አውቃለሁ።

የስኳር መለኪያዬ ወረቀት አልቋል። ሰው ሲመጣ ላክልኝ፤ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አይተህ ግዛ። እሑድ ስትደውል ደግሞ የሰዓቱን ነገር እኅትህ ፊት እንዳታነሣ፤ እሷ ዛሬም የዚያን ጊዜዋ ሠራተኛችን እንደወሰደችው ነው የምታምነው።

እናትህ