ሰኔ ሳይገባ፤ ስለ ግድብህ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድምዓለም፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከተጻጻፍን ዓመታት አልፈዋል፤ ዝምታው ከኩርፊያ የመጣ እንዳልሆነ ሁለታችንም ስለምናውቅ ምክንያት አልደረድርም። ብዕር ያስነሣኝ በመራዊ በኩል ያለው ግድብህ ነው። ሰሞኑን ለለቅሶ ወደዚያ ወርጄ ስለ ነበር ጎራ ብዬ አየሁት፤ ጠባቂው ሽማግሌም ከአናቱ እስከ ግርጌው አዙረው አሳዩኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበኝ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻው ነው። አፉ በድንጋይና አፈር በተሞላ ጆንያ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ተደርጎ ተደፍኗል፤ በዚያ ላይ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በጎርፍ እንዳይወሰድ የሽቦ መረብ ተወጥሮበታል። ለበጋው ሽንኩርትና ድንች ተጨማሪ ውሃ ለመያዝ ታስቦ እንደ ተደረገ ተነግሮኛል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የዚያ አንድ ክንድ ውሃ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አላጣሁትም። ይሁንና በውሃው ወለልና በግድቡ አናት መካከል የሚተወው ባዶ ቦታ የባከነ አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ መሬቱ ጠግቦ አልቀበል ባለበት ሌሊት የሚወርደውን ዶፍ ማሳለፊያ ነው። የኮንክሪት ግድብ ውሃ በአናቱ ቢያልፍበት ሊቋቋም ይችል ይሆናል፤ አፈር ግን አይችልም። ውሃው በጀርባው ሲወርድ ሣሩን ነቅሎ ይቦረቡራል፤ ቡርቡሩ ወደ አናቱ እያፈገፈገ ይመጣል፤ አናቱን የቆረጠ ዕለት የተጠራቀመው ውሃ ሁሉ በዚያው ይወጣል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1889 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የተናደው የሳውዝ ፎርክ ግድብ ከአንተው ግድብ ጋር መመሳሰሉ እንቅልፍ ነሥቶኛል። እርሱም የአፈር ግድብ፣ እርሱም የግል ንብረት ነበር፤ ባለቤቱ የባለጸጎች የዓሣና የአደን ማኅበር ነበር። የታችኛው ማፍሰሻ ቱቦዎቹ ቀድሞ ተነቅለው ተሽጠዋል፤ አናቱ ለመንገድ ሲባል ዝቅ ተደርጓል፤ ዓሣ እንዳያመልጥ በማስተንፈሻው ላይ የተተከለው መረብም በዚያ የዝናብ ቀን ጎርፉ ባመጣው ግንድና ጥራጊ ተዘጋ። ውሃው በአናቱ አለፈ፤ ከታች ባለችው በጆንስታውን ከተማና በሸለቆው 2,209 ሰዎች አለቁ።

ሁለተኛው ነገር ከግርጌው፣ የመስኖ ቱቦው በሚወጣበት ዙሪያ ያለው እርጥበት ነው። የአፈር ግድብ ሁሉ ጥቂት ያሰርጋል፤ ጥርት ያለ ውሃ በልክ ቢወጣ አያስደነግጥም። እኔ ያየሁት ግን ከቱቦው ጎን የሚወጣው ውሃ ቀይ ደለል እየተወ ሲሄድ ነው፤ ይህም ውሃው ከግድቡ ሆድ አፈር እየሰረቀ መሆኑን ያሳያል። ከቱቦ ጎን ያለውን አፈር በሚገባ መጠቅጠቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ውሃ መንገድ የሚያበጀው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 በአሜሪካ አይዳሆ የተናደው የቲተን ግድብ ከ90 ሜትር በላይ ከፍታ የነበረውና መሐንዲሶች ያነጹት ነበር፤ ቢሆንም ጠዋት ደፍራሳ ውሃ ሲያፈልቅ ታየ፤ ቀኑ እኩል ሳይሆን ተናደ። ጠባቂው ቀዳዳውን በጭቃ ሊደፍኑት አስበው ነበር፤ እባክህ ከልክላቸው። ውሃው በግርጌ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ በግድቡ ውስጥ ይጨምራል፤ ሌላ ደካማ ቦታም ፈልጎ ይፈነዳል። ትክክለኛው መላ በላዩ መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያም ጠጠር መደልደል ነው፤ ውሃውን እያሳለፈ አፈሩን ይይዛልና።

በጀርባው ላይ የበቀለው ባሕር ዛፍም አለ። ባሕር ዛፍ ለጎጃም ገበሬ የባንክ ደብተሩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በግድብ ላይ ግን ቦታ የለውም። ሥሩ አፈሩን ሰንጥቆ ይገባል፤ ዛፉ ተቆርጦ ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ ለውሃ የተዘጋጀ ቦይ ይተዋል። ስለዚህ ቆርጦ መተው ብቻ አይበቃም፤ ውሃው ዝቅ ባለበት ጊዜ ጉቶው ከነሥሩ ወጥቶ ጉድጓዱ በስስ ድርብ እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። አናቱ ላይ በዋልካው አፈር መድረቅ የመጡትን ስንጥቆችም፣ በተለይ ግድቡን አቋርጠው የሚሄዱትን፣ መሐንዲስ ሊያያቸው ይገባል።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ንብረትህ እንዳይጠፋ ብቻ ብዬ አይደለም። ግድቡ ሲሠራ ከታች ያለው ሜዳ የግጦሽ መሬት ነበር፤ ዛሬ ቤቶች ተሠርተውበታል፤ ልጆችም በወንዙ ዳር ከብት ይጠብቃሉ። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን ምሽት በኬንያ ናኩሩ፣ ሶላይ በተባለ ስፍራ የአንድ የግል እርሻ የአፈር ግድብ በከባድ ዝናብ ወቅት ተናዶ ቢያንስ 47 ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ጎረቤትህ የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ለማልማት የተሠራ የመንግሥት ግድብ ነውና ባለሙያ ተመድቦለታል፤ ያንተን የሚመለከተው አንተ ብቻ ነህ።

ውሃውን ከእርጥበቱ በታች እስኪሆን አሁኑኑ ማውረድ ይገባል፤ ነገር ግን በቀስታ፣ በቀን ከአንድ ስንዝር ሳይበልጥ፤ በድንገት ከወረደ ውሃ የጠገበው የውስጥ ተዳፋት ይንሸራተታልና። ማታ ማታ ግርጌውን የሚያይ ሰው ይኑር፤ ከታች ላሉት ቤተሰቦችም ውሃው ቢደፈርስ ማን እንደሚደውልላቸውና ወደ የትኛው ከፍታ እንደሚወጡ አስቀድሞ ይነገራቸው። ባሕር ዳር ላይ የውሃ መሐንዲስ አይጠፋም፤ እኔ አፈላልጌ አነጋግራለሁ፤ አንተ የሚመችህን ቀን ጻፍልኝና ከመራዊ አብረን እንሂድ። እስከዚያው ጆንያዎቹንና መረቡን እንዲያነሡ ዛሬውኑ ለጠባቂው በስልክ ንገራቸው፤ ያለ አንተ ቃል ንብረትህን አይነኩም።

ወንድምህ፣
ከባሕር ዳር