እማዬ ካሜራውን ዳንቴል አለበሰችው

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ፤ ይቅር በለኝ። መልእክትህን አልረሳሁትም፤ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። «ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን የሚሆን ዕቃ ልንሠራ ነው። ልጆቻቸው ውጭ ሆነው ደህንነታቸውን እንዲያውቁ ነው። አንተ እንዲህ ያለ ዕቃ በሚሠራበት ሥራ ውስጥ ስላለህ ምን ትመክረናለህ?» ብለህ ነበር። መልስ ያጣሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። እማዬ ቤት ያደረግኩት ነገር አሳፍሮኝ ነው። እሱን ሳልነግርህ መምከር ውሸት ሆነብኝ።

አባዬ ካረፈ በኋላ እማዬ ብቻዋን መሆኗ እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ካሜራ ገዛሁና በሰው ላክሁላት። የአክስቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠላት። እኔ እዚህ አሜሪካ ሆኜ በስልኬ አያታለሁ። መጀመሪያ ላይ እፎይ አልኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጠዋት ከመኝታ ቤት ስትወጣ ሁልጊዜ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጸጉሯን ሸፍና ነው። «እማዬ፣ በጠዋቱ የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት። «ሰው እያየኝ እንዴት በሌሊት ልብስ እወጣለሁ?» አለችኝ። ሰው ያለችው እኔን ነው።

የባሰው ደግሞ ቡናው ነው። ከሰዓት የሚመጡት ጎረቤቶቿ እየቀነሱ መጡ። አንዷ ካሜራው ድምፅም እንደሚሰማ ከልጇ ሰምታለች። ቡና ላይ የሚወራውን አንተም ታውቃለህ። የባል ነገር አለ፣ የልጅ ነገር አለ፣ የበሽታ ነገር አለ። ማን እንደሚሰማው በማይታወቅ ዕቃ ፊት ማን ያወራዋል? እማዬን ጉልበቷን ሲያማት መድኃኒት የሚገዙላት፣ በሯ ሳይከፈት ከረፈደ የሚያንኳኩት እነሱ ነበሩ። ይጠብቃታል ብዬ የላክሁት ዕቃ ጠባቂዎቿን አራቀባት።

አንድ ቀን ስልኬን ስከፍተው ነጭ ነገር ብቻ ይታያል። የተበላሸ መስሎኝ ደወልኩ። ለካ ዳንቴል አልብሳዋለች። ያን በእጇ የሠራችውን፣ ልጆች ሆነን ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረውን። «ስናፍቅህ ደውልልኝ፤ ያኔ እኔም ድምፅህን እሰማለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው ጃፓኖች የሠሩትን አንድ ዕቃ ነው። (የምጠቅስልህ ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ1996 ቶኪዮ ውስጥ፣ ኢኬቡኩሮ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት እናትና ታማሚ ልጃቸው ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። የታወቀው ከሞቱ ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ነገሩ ያሳሰበው አንድ ሐኪም ዞጂሩሺ ለሚባለው የቤት ዕቃ አምራች ሐሳብ አቀረበ። ድርጅቱም በ2001 አንድ የሻይ ውሃ ማፍያ አወጣ። ፔርሙዝ ይመስላል፤ ውሃውን አፍልቶ ትኩስ አድርጎ ያቆየዋል። ውስጡ ትንሽ የሬዲዮ ማስተላለፊያ አለው። አዛውንቷ ሻይ ሊጠጡ ውሃ ሲቀዱ ሰዓቱ ይመዘገብና በቀን ሁለት ጊዜ ለልጃቸው በኢሜይል ይላካል።

በቃ፣ ይኸው ነው። ምን እንደለበሱ፣ ማን እንደመጣ፣ ምን እንዳወሩ አይናገርም። ልጅ ማወቅ የሚፈልገው «ዛሬ እናቴ ተነስታለች ወይ?» የሚለውን ነው፤ ዕቃው እሱን ብቻ ይመልሳል። እናትየውም የሚጠበቅባቸው አዲስ ነገር የለም። ድሮም ሻይ ይጠጣሉ።

በእኛ ሥራ የሚለመደው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሴንሰሩ፣ ማለትም የሚያየውና የሚሰማው ክፍል፣ ርካሽ ስለሆነ ይጨመራል። መረጃው አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል ተብሎ ይከማቻል። ስንት ስብሰባ ላይ ይህን እየሰማሁ ዝም ብያለሁ። አሁን ዝም አልልም። አዲስ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ዕቃ ምን ባያውቅ ይሻላል?» ብዬ ነው። ተማሪዎችህንም ከዚህ አስጀምራቸው።

የቀረውን ባጭሩ ልንገርህ። ሁሉም ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል እንዳታደርጉ። በ2016 መገባደጃ ሚራይ የሚባለው ቫይረስ 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ ይለፍ ቃሎችን እየሞከረ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ሌሎች ዕቃዎችን ተቆጣጥሮ ነበር። እንግሊዝ አገር ከ2024 ጀምሮ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ያለው እንዲህ ያለ ዕቃ መሸጥ በሕግ ተከልክሏል።

ደግሞ እናንተ ሥራውን ብታቆሙ ዕቃው ምን ይሆናል? ሪቮልቭ የሚባል፣ የቤት መብራትንና የበር ቁልፍን በስልክ የሚያዝ፣ 300 ዶላር ገደማ የሚሸጥ መቆጣጠሪያ ነበር። ኔስት የሚባል የቤት ዕቃ አምራች ድርጅቱን በ2014 ገዛው፤ በ2016 ዕቃው የሚገናኝበት የድርጅቱ ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) ሲዘጋ ሰው የገዛው ዕቃ ጨርሶ መሥራት አቆመ። የእናንተው ማፍያ ከሆነ ቢያንስ ውሃ ማፍላቱን ይቀጥል። መብራት ስለጠፋ ብቻ «እናትህ አልተነሱም» የሚል መልእክት ዱባይ ያለን ልጅ እንዳያስደነግጥ። እናትየዋ «ዛሬ ለቅሶ ልሄድ ነው፣ አትጠብቁኝ» የምትልበት አንድ ቁልፍም ይኑረው። የምትጫነው እሷ፣ ከፈለገችም ሁሉንም ነገር የምታጠፋው እሷ ትሁን። ይህን አደራ የምልህ ነው።

በየቀኑ የሚነካው ዕቃ የትኛው እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም። የእማዬ ጀበና ከሰል ላይ ነው የሚጣደው። የሳሎን መብራት ይሁን፣ ሬዲዮ ይሁን፣ እዚያ ያላችሁት እናንተ ታገኙታላችሁ። ምንም ሳትነድፉ በፊት ግን እማዬ ጋ ሂዱ። ከአቦል እስከ በረካ ተቀመጡ። ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያንኳኳ እዩ። ካሜራውን ነቅላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታዋለች፤ ጎረቤቶቿም ተመልሰዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ከሄዳችሁ ሁሉንም ታገኟቸዋላችሁ። እኔም በዚያ ሰዓት ነው የምደውልላት፤ ስልኩን ተቀብለህ አንተ አንሳልኝ።

ናፋቂ ወንድምህ